ልጅ ያቦካው ለትምህርት ይበቃል

በዓመቱ የመጨረሻ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «ዓርብ ዓርብ የልጄን ቦርሳ ስከፍት የማገኘው ቆርኪ፣ ሽቦና የተቆራረጠ ካርቶን ነው። እኛ የምንከፍለው እንዲማር ነው ወይስ እንዲጫወት?» አዳራሹ ውስጥ ብዙዎች ሳቁ። ከሳቁት መካከል ግን በመስማማት ራሳቸውን የነቀነቁም ነበሩ።

እኛ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የምናስተምር መምህራን በዕለቱ የሰጠነው መልስ አጥጋቢ አልነበረም። ሰዓቱ ገፍቶ ነበር፤ እውነቱን እንናገር ካልን ደግሞ አልተዘጋጀንበትም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ከተረፈው ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ቆጥቦ ልጁን ወደ እኛ የሚልክ ወላጅ፣ የልጁ እያንዳንዷ ሰዓት ምን ላይ እንደዋለች የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ያን ዕለት ያላደረስነውን መልስ በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ወደድን።

ይህን የምናደርግበት ሌላም ምክንያት አለ። ለመጪው ዓመት በተዘጋጀው ረቂቅ መርሐ ግብር ላይ የዓርብ ከሰዓት በኋላው የመጫወቻ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተሰርዞ በቦታው የፈተና ልምምድ ገብቷል። ረቂቁ ገና አልጸደቀም። ከመጽደቁ በፊት ሐሳባችንን መናገር ይገባናል ብለን እናምናለን።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ልጆቻችን በእጃቸው መጫወቻ የሚሠሩበት ሰዓት ከትምህርት የተሰረቀ ሰዓት አይደለም። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማርኛው ከልባቸው የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። የልጅ ሥራ ከቁም ነገር አይደርስም ለማለት ነው። ሆኖም ከእኛ ከመምህራኑም ሆነ ከእናንተ ከወላጆቹ መካከል በልጅነቱ ያላቦካ ማን አለ? ከጭቃ በሬ ሠርቶ ፀሐይ ላይ ያላሰጣ፣ ከአገዳ መነጽር ያልሠራ፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ያላደረገ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍታ በጀርባዋ ያላዘለች፣ መሬት ቆፍሮ ገበጣ ያልተጫወተ? ከተማ ያደግነው የሽቦ መኪና ነድተናል፤ ገጠር ያደግነው ከቁልቋል ጎማ ቆርጠናል። ያን ጊዜ መጫወቻ የሚገዛልን አልነበረምና መጫወት የፈለገ መሥራት ነበረበት።

የዛሬ ልጆቻችን ኑሮ ሌላ ነው። የሚያድጉት ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ መጫወቻቸው ከሱቅ ተሠርቶ ይመጣል፤ ሲሰበርም ይጣላል። የቀረውን ጊዜ ስልኩ ይወስደዋል። አራተኛ ክፍል ደርሶ መቀስ አስተካክሎ የማይዝ፣ ክር መቋጠር የማይችል ልጅ አጋጥሞናል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የሚቋጥረው ነገር አላገኘም።

ቆርኪና ሽምብራ የሚያስተምሩት

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከወተት ካርቶን መኪና ሠሩ። ጎማ ይሆን ዘንድ የመረጡት የሃይላንድ ክዳን ነው። ክዳኑን በምስማር በስተው ሽቦ ላይ ሰኩት። መኪኖቹ ወለሉ ላይ ሲነዱ ግማሾቹ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ግማሾቹ ግን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያሉ ተንገዳገዱ። ልጆቹ «ያነክሳል» አሉ። ለምን እንደሚያነክስ አልነገርናቸውም። ደህና የሚሄደውንና የሚያነክሰውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስተያዩ አንዲት ልጅ ቀዳዳው መሀል ላይ አለመሆኑን አገኘች። «እንዴት አወቅሽ?» አልናት። ስቴኪኒ ይዛ ከቀዳዳው እስከ ክዳኑ ጠርዝ ያለውን ርቀት በየአቅጣጫው ለካችልን። በአንዱ በኩል ይረዝማል፤ በሌላው ያጥራል።

ከክብ መሀል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፈንላት ቢሆን ኖሮ ደብተሯ ላይ ትገለብጠው ነበር። አሁን ግን ራሷ ደረሰችበት። «ራዲየስ» የሚለውን ቃል የነገርናት ነገሩን ካወቀችው በኋላ ነው። ቃሉ ለምታውቀው ነገር ስም ሆነላት።

በሚቀጥለው ዓርብ ክዳኑ ጠርዝ ላይ በቀለም ምልክት አድርገው በማስመሪያ ላይ አንከባለሉት። የክዳኑ ዲያሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ከ9 ሳንቲ ሜትር በላይ ሄደ። ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ክዳን ሲያንከባልሉ ደግሞ ከ31 በላይ ሄደ። ትንሹም ትልቁም ዙሩ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ትንሽ እንደሚበልጥ አዩ። ያቺ «ትንሽ» የምትባለው ስንት ናት ብለው የጠየቁ አሉ። መልሱን ከፍ ባለ ክፍል ያገኙታል፤ ጥያቄውን ግን ከወዲሁ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሽምብራውን እናንሣ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ ስቴኪኒ ለመሰካት ይመቻል። ልጆቹ በሦስት ስቴኪኒ ሦስት ማዕዘን፣ በአራት ደግሞ አራት ማዕዘን ሠሩ። ሦስት ማዕዘኑን ጎኑን ሲገፉት ቅርጹን አልለቀቀም። አራት ማዕዘኑ ግን እንደ ደከመው ሰው ጋደል አለ። ታዲያ ምን እናድርገው? አንዱ ልጅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድም ሌላ ስቴኪኒ ልጨምርለት ብሎ ሞከረ። ስቴኪኒው አጠረ! ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው መስመር ከጎኑ እንደሚረዝም ያን ጊዜ አወቀ። ከመጥረጊያ ላይ ረዘም ያለ ጭራሮ መዞ ሲያስገባበት አራት ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክፍላችን መስኮት ፊት ለፊት አንድ ፎቅ እየተሠራ ነው። አንዲት ተማሪ ወደ ክሬኑ እያመለከተች «ክንዱ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ነው!» አለች። ክሬኑ እዚያ ከቆመ ወራት አልፎታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም አላየውም ነበር።

ይህ የእኛ ግኝት አይደለም። ለመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት መሠረት የጣለው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ሥራውን ሲጀምር ልጆችን በእንጨት ኳስና በኪዩብ ያስተምር ነበር፤ ከማስተማሪያዎቹም አንዱ የተዘፈዘፈ አተርና ቀጭን እንጨት ነበር። ከእኛ ዘመን ደግሞ ሕንዳዊው አርቪንድ ጉፕታ ይጠቀሳሉ። እሳቸው የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሚሠሩበት የጭነት መኪና ፋብሪካ ፈቃድ ወስደው በሆሻንጋባድ አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤቶች ወደሚካሄድ የሳይንስ ማስተማሪያ ፕሮግራም ሄዱ። እዚያ ከክብሪት እንጨትና ከብስክሌት ቀጭን የጎማ ቱቦ ቅርጾችን መገጣጠም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ከሚጣል ነገር የሚሠሩ በርካታ የሳይንስ መጫወቻዎችን ለልጆች አዘጋጅተዋል፤ አገራቸውም በ2018 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥታቸዋለች። ሀብታም ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ሳይንስን በምን ያስተምር ለሚለው ጥያቄ የእሳቸው መልስ ለእኛም ይሆናል።

ገበጣም ሌላ ትምህርት ሆኖልናል። መሬት ቆፍረን እንዳንጫወት ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ 30 ዕንቁላል የሚይዘውን የወረቀት ማስቀመጫ ተጠቀምን። ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ ሲኖረው 12 ይሆናል። ከአንድ ማስቀመጫ ስንት ገበጣ ይወጣል? ሁለት፤ ስድስት ጉድጓድም ይተርፋል። ቀሪ ያለው ማካፈል ማለት ይህ ነው። በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ይግባ ከተባለ 48 ጠጠር መቁጠር ሊኖር ነው። ከዚያ በኋላ የስዋሂሊ መምህራችን የእሳቸውን አገር ጨዋታ ባኦን አመጡ። ባኦ አራት ረድፍ አለው፤ በየረድፉ 8 ጉድጓድ። 32 ነው፤ ማስቀመጫው ደግሞ 30 ብቻ። ሁለት ጎደለ! ሁለቷን ለማግኘት ልጆቹ የሚተርፈውን ስድስቱን አስታወሱ። ገበጣና ባኦ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውንም በዚያው ተማሩ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ማሳተማቸውን ነገርናቸው፤ አያቶቻቸው የተጫወቱት ጨዋታ በምሁር የተጠና መሆኑ ልጆቹን አስገርሟቸዋል።

«ተሰበረ» እና «ሰበርኩት»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ትምህርት ቤታችንን በናይሮቢ ካሉት ሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚለየው አማርኛ ነው። ብዙዎቻችሁ መንገዱ ተጨናንቆ፣ ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት አልፋችሁ ልጆቻችሁን ወደ እኛ የምታመጡት ለዚህ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ልጆቻችን በእረፍት ሰዓት የሚጫወቱት በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰሙት አማርኛ ደግሞ በአብዛኛው የትእዛዝ አማርኛ ነው፤ ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ስልኩን አስቀምጥ። መልሱ የሚመጣው በሌላ ቋንቋ ነው። ክፍል ውስጥ ፊደል ይለያሉ፣ ያነባሉም። «ጠመዘዘ» የሚለውን ግስ መጽሐፍ ላይ ያነበበ ልጅ ግን እጁ አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ካላየ፣ ቃሉ ከፈተና ማግሥት ይጠፋል።

የመጫወቻ ሥራ ሰዓት በግስ የተሞላ ነው። መቁረጥ አለ፣ መቅደድ አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። መብሳት፣ መሰካት፣ መቋጠር፣ መፍታት፣ መቆልመም፣ መጠቅጠቅ፣ መለጠፍ፣ መላጥ አለ። ብቻውን የማይሠራ ነገር ስለሚኖርም ልጁ ጓደኛውን «ያዝልኝ» ማለት አለበት። «ያዝ» አይደለም፤ «ያዝልኝ»። ያቺ «ልኝ» በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ስንት ሳምንት እንደምትፈጅ አማርኛ የምናስተምር እናውቃለን። መኪናው ሊፈርስበት የደረሰ ልጅ ግን በአንድ ከሰዓት ይማራታል።

በሁለተኛ ክፍል የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ልጅ የጓደኛውን የካርቶን ቤት ሲያነሣ ጣራው ተገነጠለ። «ቲቸር፣ ተሰበረ» አለን። ጓደኛው እየተቆጣች «አልተሰበረም! ሰበርከው!» አለችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ «እሺ፣ ሰበርኩት» አለ። «ተ»ን መጨመርና መቀነስ ምን እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፈን አናውቅም። ልጁ በዚያች ሰዓት የተማረው ሰዋስው ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጣራውንም አብረው ጠገኑት።

አንድ ነገር እንጨምር። በዓመቱ አጋማሽ ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረን። እንግሊዝኛው ገና ነበር፤ ስዋሂሊም ጆሮው አልለመደውም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ደብተሩ ያያል። ጓደኞቹ «አይናገርም» ይሉ ነበር። ለወራት ያገኘው ውጤት ሁሉ ዝቅተኛ ነበር፤ እኛም፣ አሁን ስናስበው ያሳፍረናል፣ ደካማ ተማሪ ነው ብለን ደምድመን ነበር።

የሽቦ መኪና በጀመርንበት ዓርብ ረጅሙን መሪ ከፊት ጎማው ጋር ማገናኘት አቃተን። የልጅነታችን ትዝታ እጃችን ላይ አልነበረም። ያ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣና ሽቦውን ከጠረጴዛው አነሣ። አጠገቡ ለቆመችው ልጅ «እዚህ ጋ ትቆለምሚዋለሽ፤ ከዚያ ላላ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። ካጠበቅሽው አይዞርም» አላት። «ትቆለምሚዋለሽ ምንድን ነው?» አለችው። በእጁ አሳያት። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ የሚያውቀውንም የሚናገረው በአማርኛ ነበር። መኪናው እንዲዞርለት የፈለገ ሁሉ አማርኛውን መስማት ነበረበት። ለወራት አማርኛን «ለቲቸር» ብቻ ይናገሩ የነበሩ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ጉዳይ ተናገሩት። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ ኋላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። እንግሊዝኛው ዛሬም ይቀረዋል፤ ግን ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ዝም ያለ ልጅ ሊታረም አይችልም።

የሚነሡ ስጋቶች

ዋናው ስጋት ፈተና ነው። እንረዳዋለን። የዓርቡ ክፍለ ጊዜ የልጆቹን ውጤት ይህን ያህል ከፍ አደረገ ብለን ቁጥር አናቀርብም፤ አልለካነውምና። የምንለው ሌላ ነው። ኬንያ ራሷ ከ1985 ጀምሮ የቆየችበትን 8-4-4 የተባለ ሥርዓት በመተው በ2019 በመላ አገሪቱ ከታችኞቹ ክፍሎች የጀመረችው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ብቃትን መሠረት ያደረገ ነው። ልጁ ምን ያስታውሳል ከሚለው ይልቅ በሚያውቀው ምን መሥራት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ልጆች የሚሠሩባትን ብቸኛ ሰዓት ሰርዘን በቦታዋ የወረቀት ልምምድ ብናስገባ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለውን መሆናችን አይቀርም።

ሁለተኛው ስጋት በግልጽ አይነገርም እንጂ አለ። «ልጄን የላክሁት ሐኪም እንዲሆን ነው፤ ሽቦ ጠምዛዥ እንዲሆን አይደለም» የሚል ነው። ይህ ከቆየ ሕመማችን የመነጨ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ የሙያው ስም ስድብ ሆኖ ቆይቷል። የሚንቀው ሰው የሚያርሰው ግን እነሱ በሠሩት ማረሻ፣ እንጀራ የሚጋግረው እነሱ በሠሩት ምጣድ፣ የሚለብሰውም እነሱ የሸመኑትን ነበር። ያንን ንቀት ባሕር ማዶ ተሻግረን ለልጆቻችን ልናወርሳቸው አይገባም። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌውን ቆርቆሮ አዲስ ዕቃ የሚያደርጉት እጆችና እዚህ ናይሮቢ ካሙኩንጂ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብረት የሚቀጠቅጡት የጁዋ ካሊ ሠራተኞች እጆች አንድ ናቸው። ሐኪምም ቢሆን የሚሰፋው በእጁ ነው።

ዊልያም ካምክዋምባ የተባለውን የማላዊ ወጣት ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2002 አካባቢ ድርቅ ባስከተለው ረሃብ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ትምህርቱን አቋረጠ። በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ያገኘውን መጽሐፍ ተመልክቶ ከአሮጌ ብስክሌትና ከተጣለ ብረት ለቤተሰቡ መብራት የሚሰጥ የነፋስ መዘውር ሠራ። ከእኛ ልጆች ሁሉ እንዲህ ያለ ፈልሳፊ ይወጣል አንልም። የምንለው፣ መጽሐፉና የተጣለው ብረት በአንድ ልጅ እጅ የሚገናኙት ያ ልጅ አስቀድሞ ነገርን ፈታትቶ መግጠም ሲለምድ ነው።

ሦስተኛው ስጋት አደጋ ነው። መቀስ አለ፣ ሽቦ አለ፣ ምስማር አለ። ይህ ቀልድ አይደለም። የሽቦ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የሚበሳውን የሚበሳው መምህር በቆመበት ነው፤ ከሦስተኛ ክፍል በታች ሽቦ አይነካም። በዚህ ዓመት የገጠመን ጉዳት ሁለት የተጫሩ ጣቶች ናቸው፤ በሳሙና ታጥበው፣ በፕላስተር ተሸፍነው አልፈዋል።

የተሳሳትንበት

ወላጆችን ስንወቅስ ብቻ እንዳንታይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በመጀመሪያው ተርም «እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ አንድ መጫወቻ ሠርቶ ያምጣ» ብለን አዘዝን። ትልቅ ስሕተት ነበር። አንዱ ልጅ በቀለም ያሸበረቀ የእንጨት አውቶቡስ ይዞ መጣ፤ ጎማው እንዴት እንደተገጠመ ስንጠይቀው አያውቅም፤ አናጺ ተከፍሎት ነው የሠራው። አንዲት እናት ከሥራ በምሽት ተመልሰው እስከ እኩለ ሌሊት ካርቶን ሲለጥፉ ማደራቸውን በኋላ ሰማን። ልጃቸው ተኝታ ነበር። ሌላዋ ልጅ ደግሞ በራሷ እጅ የሠራችውን የጨርቅ አሻንጉሊት ይዛ መጥታ የአውቶቡሱን ውበት ስታይ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው። በኬንያ አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ወላጆች ሲያሰሙት የነበረው ምሬት፣ የቤት ሥራው የልጆች ሳይሆን የእኛ ሆነ የሚለው፣ በእኛም ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ መጫወቻ ከቤት ተሠርቶ አይመጣም፤ ሁሉም የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ምንም ነገር አይገዛም፤ የሚመጣው ከቤት ሊጣል የነበረ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ወንድ የሚሠራው፣ ሴት የምትሠራው የሚባል የለም። የሽቦ መኪና የነዱ ሴቶች፣ አሻንጉሊት የሰፉ ወንዶች አሉን፤ ከሁሉ የጠበቀውን ስፌት የሰፋውም ወንድ ልጅ ነው።

ሁለተኛውን ደንብ ስናወጣ የጥበቃ ሠራተኛችን አንድ ነገር ነገሩን። እሳቸው በልጅነታቸው ኳስ የሚሠሩት ፌስታል በፌስታል ላይ ጠቅልለው በሲባጎ በማሰር ነበር። ፌስታል ግን በኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ተከልክሏል። «ታዲያ አሁን በምን እንሥራ?» ብለው ልጆቹ ሲጠይቋቸው አሮጌ ጨርቅና ካልሲ ሆነ መልሱ። የእኛው የካልሲ ኳስ ናይሮቢ ላይ እንደገና ተወለደ።

የምንጠይቀው

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የዓርቡ አንድ ሰዓት በመጪው ዓመት መርሐ ግብር ላይ ይቆይልን። የፈተና ልምምድ አያስፈልግም አላልንም፤ ከሳምንቱ ሌሎች ክፍለ ጊዜያት ላይ አብቃቅተን እንድናካሂደው ዕድል ይሰጠን። ሰዓቱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርም በየሳምንቱ ልጆቹ የሠሩትን በሦስት በአራት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይጽፋሉ፤ የለኩትንም ይመዘግባሉ። ደብተሩን መጥታችሁ እዩት።

ከእናንተ ከወላጆች የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በተርም አንድ ዓርብ አንዳችሁ መጥታችሁ በልጅነታችሁ የሠራችሁትን አንድ መጫወቻ አሳዩአቸው። አያቶች ናይሮቢ ካሉ እነሱ ይምጡልን፤ ስሙን፣ አሠራሩን፣ የሚጫወቱበትን ወግ በአማርኛ ይንገሯቸው። ልጆቹ ይህን ከመጽሐፍ አያገኙትም። እኛም ብንሆን ያለ እናንተ የሽቦውን መሪ ማገናኘት አቅቶናል።

ስብሰባው ሲያበቃ ጥያቄውን ያነሡት አባት የልጆቹ ሥራ የተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው አየናቸው። የልጃቸውን መኪና አንሥተው ጎማውን በጣታቸው አዞሩት፤ ጆሯቸው አጠገብ አድርገውም እንደገና አዞሩት። «የኋላው ቀዳዳ መሀል አልገባም፤ ያነክሳል» አሉት ልጃቸውን። ልጁ «አውቃለሁ፣ አባ። ዓርብ አስተካክለዋለሁ» አላቸው።

የዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ማለፉን ረስቶት ነበር። እኛም አላስታወስነውም። የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ ዓርብ እስኪደርስ መኪናው ቁም ሣጥናችን ውስጥ ይጠብቀዋል።